ቮልስና የከሚሴ አየር

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ «ውሃ ስለማትፈልግ ለቆላ የተፈጠረች ናት» ስትሉም ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ውሃ ያልፈለገች መኪና በምትኩ አየር ትፈልጋለች፣ ያውም በሁለት አፍ። አንዱ ቤንዚኑን ለማቃጠል ነው፤ ሌላው ሞተሩን ለማቀዝቀዝ። አሮጌ ቮልስ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ሊያድስ የተነሣ ሰው ይህችን አንድ ነገር ከያዘ፣ የቀረው ሥራ ሁሉ ለምን እንደሚሠራ ይገባዋል። ከሚሴ ለሚኖር ሰው ደግሞ ነገሩ በእጥፍ አስፈላጊ ነው። ከተማችን ወደ 1,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ በሙቀት ትነዳለች፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደን መንገድ ግን ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ያወጣናል። በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ዓይነት አየር እንተነፍሳለን፤ ሞተሩም እንዲሁ።

ለምን ቮልስ?

በከሚሴ ጎዳና ላይ የሚርመሰመሰው ባጃጅና አይሱዙ ነው፤ የመካኒኮቻችንም እጅ የተፍታታው በእነሱ ላይ ነው። ቮልስ የምትበዛው አዲስ አበባ ነው። ታዲያ ምን ያስመርጣታል? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ትናንት ቁራሌው እንዲወስደው ይመረቅ የነበረ ላሜራ ዛሬ ተደራዳሪ አለው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዛቷ ነው። ይህች መኪና 21,529,464 ጊዜ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ይህን ያህል የተባዛ ነገር መለዋወጫው በቀላሉ አይጠፋም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ የጠየቀ ሰው ወይ ዕቃውን ያገኛል፣ ወይ ዕቃው ያለበትን ሰው። ታሪክም አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ለእኛ ለግቢ ጠጋኞች ይበልጣል፤ ቮልስ ስትፈታ ትፈታለች። ሞተሯን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ዋናው መሣሪያ 17 ቁልፍ ነው። የነዳጅ ጎማውን፣ የቤንዚን ፔዳል ገመዱን፣ የማሞቂያውን ገመዶችና ጥቂት ሽቦዎችን ካላቀቃችሁ በኋላ ሞተሩ ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል። ክብደቱ ወደ 110 ኪሎ ይጠጋል። ጥሩ ክሪክና ሁለት ጎረቤት ካለ ክሬን አያስፈልግም።

ከመግዛት በፊት

የኋላውን ወንበር አንሡ። እዚያ፣ የማርሽ ዘንግና ገመዶች በሚያልፉበት መካከለኛ ጉብታ ላይ፣ የሻንሲ ቁጥር ተቀርጿል። መኪናዋ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1969 ያለው ሞዴል ከሆነች ሦስተኛው አሃዝ ዕድሜዋን ይነግራችኋል፤ 117 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የ1967 ሞዴል ነው። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ በታች ነው። በ«ዲ» ከጀመረ 1200፣ በ«ኤፍ» ከጀመረ 1300፣ በ«ኤች» ከጀመረ 1500 ሞተር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ሊብሬው ላይ ካሉት ጋር ካልገጠሙ ዋጋ ውስጥ አትግቡ። በመኪናዋ ከምታወጡት ላብ ይልቅ በወረቀቷ የምታወጡት ይበልጣልና።

ወንበሩን ካነሣችሁ አይቀር ባትሪውንም እዩ፤ ቦታው እዚያው በስተቀኝ ነው። አሲዱ ሲንጠባጠብ የኖረበት ወለል ብዙ ጊዜ ወንፊት ሆኖ ይገኛል። የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት እንዳያስነሣ ክዳን መኖሩንም አረጋግጡ። ቀጥሎ በበሮቹ ሥር ያሉትን ቦዮች በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጓቸው። የማሞቂያ አየር የሚያልፍባቸው እነዚህ ቦዮች አካሏን ቀጥ አድርገው የሚይዙ ምሰሶዎችም ናቸው። ማግኔት ጠጋ አድርጉባቸው፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። አካሏና ወለሏ በብሎን የተያያዙ ሁለት ክፍሎች ስለሆኑ ወለሉን ለብቻው ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ይቻላል። የበሰበሰ ቦይ ግን የዋዛ ሥራ አይደለም። በሮቹ ሳይገጠሙና አካሉ በደንብ ሳይደገፍ ከተቆረጠ መኪናዋ መሐል ላይ ትጎብጣለች፤ ከዚያ በኋላ በር አይዘጋም።

የመጀመሪያው አፍ፦ ማቀዝቀዣው

ወደ ሞተሩ እንሂድ። ከሞተሩ አናት ባለው ትልቅ የላሜራ ቤት ውስጥ ማራገቢያ አለ። የሚያዞረው የዲናሞው ዘንግ ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ቺንጊያው። ስለዚህ በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ «ባትሪ አይሞላም፤ ቤት ደርሼ አየዋለሁ» አይባልም። ቺንጊያው ተበጥሶ ከሆነ ማራገቢያውም ቆሟል፤ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው። ትርፍ ቺንጊያ ያልያዘ የቮልስ ባለቤት ከከተማ አይወጣም።

ማራገቢያው ያስገባው አየር በሲሊንደሮቹና በቴስታታው የብረት ክንፎች መካከል አልፎ ወደ ታች ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቮልስ የሚሞተው። በሞተሩ ዙሪያ የተገጠሙት ላሜራዎችና ከኮፈኑ ውስጥ ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማ አንድ ሥራ አላቸው፤ ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይሳብ ይከለክላሉ። በየጥገናው «ትርፍ ነው» እየተባለ አንድ ላሜራ ሲጣል፣ ጎማውም ደርቆ ሲረግፍ፣ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍሳል። የጨፋ ሜዳ አቧራ ከሚያንጠባጥብ ዘይት ጋር ተለውሶ የሲሊንደር ክንፎቹን ሲደፍናቸው ደግሞ አስቡት።

ስለዚህ በከሚሴ ግቢ የመጀመሪያው ሥራ ቀለም አይደለም። ሞተሩን አውርዳችሁ ክንፎቹን በጋዝና በብሩሽ እጠቡ፤ የጎደለውን ላሜራ ፈልጋችሁ መልሱ፤ ጎማውን አዲስ አድርጉ። ቴርሞስታቱን «ለቆላ አያስፈልግም» ብሎ የሚጥለውም ብዙ ነው። ከተጣለ እርሱ የሚያዛቸው የአየር መዝጊያዎች ሙሉ ለሙሉ ክፍት ሆነው መታሰር አለባቸው፤ አለዚያ ሞተሩ እየታፈነ ይነዳል። በቀደሙት ሞዴሎች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው ቤት ውስጥ በሦስተኛው ሲሊንደር መንገድ ላይ ስለቆመ ያ ሲሊንደር ከወንድሞቹ ሁሉ ይበልጥ ይሞቃል። ቫልቭ ስታስተካክሉ እርሱን አስቀድማችሁ ተጠራጠሩት።

ዘይቱም የማቀዝቀዣው አካል ነው። ሞተሩ የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የወረቀት ፊልትሮ የለውም፣ የሽቦ ወንፊት እንጂ። ዘይቱ በየ5,000 ኪሎሜትሩ እንዲቀየር ፋብሪካው ያዘዘው ለዚህ ነው፤ በእኛ ሙቀትና አቧራ ከዚያ ማሳጠር ነው እንጂ ማስረዘም የለም።

ሁለተኛው አፍ፦ ካርቡሬተሩ

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል፤ በሻካራ ግምት በየ1,000 ሜትሩ የሞተር ጉልበት አንድ አሥረኛው ይጎድላል። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ 1200 ሞተር ፋብሪካው ላይ 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ጣርማበር ላይ ሲደርስ የሚቀረው 25 ገደማ ነው። ምንም ብትሠሩ ይህን አታስቀሩትም። የምታስተካክሉት ሌላውን ነው። ካርቡሬተሩ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን አየሩ በሳሳበት ልክ ሳይቀንስ መስጠቱን ይቀጥላል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላና የሚያነክስ ሞተር ነው።

መድኃኒቱ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለች፣ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት፤ ቤንዚኑ የሚለካው በእርሷ ነው። ሶሌክስ ካርቡሬተር ላይ የተጻፈባት ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊሜትር ነው። ሒሳቡን ብታሰሉት በባሕር ጠለል ላይ 125 የሚስማማው ሞተር ከሚሴ ላይ 120 አካባቢ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ 117.5 አካባቢ።

እንግዲህ የትኛውን እንምረጥ? እኔ የከሚሴውን እላለሁ። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ጭስ ያጨሳል፣ ኪስም ይጎዳል፤ ቤንዚን ያነሰው ግን ይግላል። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ከግለት የከፋ ጠላት የለውም። ለጣርማበር ያስተካከላችሁትን ይዛችሁ በግንቦት ሙቀት ሐርቡና ኮምቦልቻ ስትመላለሱ ቫልቭ ታቃጥላላችሁ። ዳኛው ካንዴላው ነው፤ ከረጅም ጉዞ በኋላ ፍቱት። የተቆላ ቡና ገና ሲጀምር የሚይዘውን ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ከያዘ ልኩ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ ፈጥናችሁ ቀዳዳውን አስፉ።

አቧራውንም አትርሱ። የቀደሙት ቮልሶች የአየር ማጣሪያ ከሥሩ ዘይት ያለበት ድስት ነው፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ይቀራል። ለጠጠር መንገድ ግሩም ነገር ስለሆነ በወረቀት ማጣሪያ አትለውጡት፤ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ቀይሩለት። በሞተሩ አናት የሚያልፈውን የነዳጅ ጎማም አዲስ አድርጉት። የተሰነጠቀ ጎማ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ካንጠባጠበ መኪናዋ አለቀላት።

ዳገቱ ላይ

ካራቆሬን፣ አጣዬን፣ ሰንበቴን አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ ገር ነው። ከአርማኒያ ወደ ደብረ ሲና የሚነሣው ዳገት ግን የሥራችሁ ፈተና ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር ሞተሩ እንዳይጮህ ብሎ በከባድ ማርሽ ያስጨንቀዋል። ተሳስቷል። ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ዙር ስለሆነ ቀርፋፋ ሞተር ማለት ቀርፋፋ ንፋስ ማለት ነው። ቀላል ማርሽ አስገቡና ይጩህ፤ የሚጮኸው እየቀዘቀዘ ነው። ሲወርድም በዚያው ማርሽ ነው፤ ጣርማበር በፍሬን ብቻ ከተወረደ የድራም ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል።

ምን እንለውጥ?

ሞዴሏ ባለ 6 ቮልት ከሆነ ወደ 12 ቮልት ማዞር የመጀመሪያው ለውጥ ይሁን፤ በሌሊት ከአይሱዙ ፊት ለፊት ስትገናኙ ታመሰግኑታላችሁ። የፊቱን ፍሬን ወደ ዲስክ መቀየርም መልካም ነው። ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ መተካት ከየጊዜው ልኬት ያሳርፋል፤ ግን አሮጌውን ፑንቲና መሳቢያ ውስጥ አቆዩት፤ መንገድ ላይ በካቻቢቴ የሚጠገነው እርሱ ነው። ትልቅ ሲሊንደር ገጥሞ ጉልበት መጨመር ግን ትኩሳትም መጨመር ስለሆነ የማቀዝቀዣው ሥራ ሳይጠናቀቅ አይታሰብም። ሞተሩን በሌላ ከቀየራችሁ ደግሞ የሊብሬው ቁጥር አብሮ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ቦሎ ላይ ትያዛላችሁ።

የአየርን ጣጣ ከሥሩ የሚነቅል ለውጥ አንድ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ። ለኤሌክትሪክ ሞተር አየር ሳሳ ወፈረ ግድ የለውም። ቮልስዋገን ራሱ ኢክላሲክስ ከተባለ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 የቀየራት አሮጌ ቮልስ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ተሸክማ 1,280 ኪሎ ትመዝናለች፤ በአንድ ሙሌት 200 ኪሎሜትር ገደማ ትሄዳለች። ሒሳቡን ወደ መንገዳችን እናምጣው። ከሰው ጋር 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ 1,800 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት፣ ለከፍታው ብቻ፣ ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም የባትሪው አንድ አምስተኛ ነው። ሲመለስ ከፊሉን ቁልቁለቱ ይከፍለዋል። ከከሚሴ አዲስ አበባ ግን ከ300 ኪሎሜትር በላይ ስለሆነ መሐል ላይ ሳይሞሉ አይደረስም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ገንዘብና ትዕግሥት ያለው ኤሌክትሪኩን ያስብ። ሌሎቻችን ግን ፍሬኑን፣ የነዳጅ ጎማውንና የሞተሩን ላሜራዎች ከጨረስን በኋላ ካርቡሬተሩን እንክፈት። ቀለሙ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ ያልቀዘቀዘ ሞተር ከወረደ ግን እንደገና ሲወጣና ሲገባ ቀለሙም አብሮ ይፋቃል።