ስለ ማማ፥ ስለ ላሎና ስለ ጌራ ስም፤ አገር በሰው፥ ሰውም በአገር ስለ መጠራቱ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ያለው የመንዝ አገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሦስት ተከፍሎ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድር፥ ጌራ ምድር ይባላል። ወሰኑም በስተ ደቡብ የሞፈር ውሃ፥ በስተ ሰሜን የቀጨኔ ውሃ፥ በስተ ምዕራብ አዳባይና ወንጪት ነው፤ በስተ ምሥራቅ ግን ረዥሙ ተራራ ከይፋትና ከኤፍራታ ቆላ ይለየዋል። ጌራ ምድር በስተ ሰሜን ሆኖ ከግሼ ጋር ይዋሰናል፤ ከእርሱ በስተ ደቡብ ማማ ምድር፥ ከማማ ምድርም በስተ ምዕራብ ላሎ ምድር ይገኛል። መሐል ሜዳ የጌራ ምድር፥ ሞላሌም የማማ ምድር ከተማ መሆኑን ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ጌራ ማን ነው፥ ማማስ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙው ልጅ ዝም ይላል።

የአገሩ ሽማግሎች ከአባቶቻቸው ሰምተው እንደሚናገሩት ሦስቱም ሰዎች ናቸው። በአሕመድ ግራኝ ጦርነትና ከዚያም በኋላ በሆነው የሕዝብ ፍልሰት አገሩ ከተመሰቃቀለ በኋላ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት ገደማ መጥተው ምድሩን የያዙና ያቀኑ ስለ ሆነ አቅኚ አባቶች ይባላሉ። እያንዳንዳቸው ያቀኑት አገር በስማቸው ተጠራ፤ እነርሱ ሞቱ፥ ስሙ ግን በመሬቱ ላይ ቀረ።

ይህ ነገር እንግዳ አለመሆኑን፥ ደግሞም ከሌላው ዓለም ልማድ የቱን ያህል እንደሚለይ ለማስተዋል፥ የእንግሊዞችን የቤተ ሰብ ስም ማየት ይጠቅማል። እንግሊዞች፥ ኖርማኖች በ1066 ዓመት (ይህ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) አገራቸውን ድል አድርገው ከመያዛቸው በፊት፥ አብዛኛዎቹ በአንድ ስም ብቻ ይጠሩ ነበር። ኋላ ግን ግብር ጸሓፊውና ዳኛው አንዱን ዮሐንስ ከሌላው ዮሐንስ ለመለየት ስለ ተቸገረ፥ ለየሰዉ ሁለተኛ ስም ተጨመረለት፤ ይህም ስም በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርስ ሆነ። ስሙም የሚወጣው ከአባት ስም፥ ከመንደር ስም፥ ከሥራ ወይም ከመልክ ነው። በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አንኮበር የመጣው መልእክተኛ ሐሪስ ይባል ነበር፤ ትርጓሜው የሐሪ ልጅ ማለት ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን አርበኞችን ለመርዳት ጎጃም የገቡት ሳንፎርድ ስማቸው አሸዋማ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት በዚህ ስም ሲጠራ፥ አንድ በሩቅ አገር የሚገኝ የወንዝ መሻገሪያ በኢትዮጵያ ምድር ይጠራል ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለዚህ ነገር የሚስማማው ግን የፕላውደን ስም ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረውና በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አጠገብ ሽፍቶች አቍስለውት የሞተው ዋልተር ፕላውደን የሚጠራበት ስም፥ በእንግሊዝ አገር ሽሮፕሺር በሚባለው አውራጃ ከምትገኝ ፕላውደን ከተባለች ትንሽ ቀበሌ የተገኘ ነው። እንደ ሐሪስ ያለው ስም በየስፍራው ስለ በቀለ ሐሪስ የተባለ ሁሉ ዘመድ አይደለም። እንደ ፕላውደን ያለው ስም ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠራበት ስለ ሆነ፥ ባለ ስሙ የትም ቢሄድ ወደ አንዲት ቀበሌ ያመለክታል። ጋፒ የሚባል ሊቅ በ1890 በአውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፥ በየአውራጃው የሚኖሩትን የባለ ርስት ገበሬዎች ስም እየቈጠረ የትኛው ስም የት እንደሚበዛ አሳይቷል። ነጋዴውንና የከተማውን ሰው ትቶ ገበሬውን የመረጠበት ምክንያት መልካም ነው፤ ገበሬ ከመሬቱ ብዙ አይርቅምና።

እንግዲህ በእንግሊዝ አገር መሬት ለሰው ስም ሰጠ፥ ሰውም ስሙን ይዞ ከመሬቱ ወጣ፤ በመንዝ ግን ሰው ለመሬት ስም ሰጠ፥ ስሙም ከመሬቱ ሳይነቀል ቀረ፤ ልጆቹ ግን በሌላ ስም ይጠራሉ።

በአማራ ልማድ ስም የሚወጣው ለተወለደው ልጅ ብቻ እንጂ ለዘር አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ የተወለደ ዘነበ ይባላል፤ ወንድሙ ከሞተ በኋላ የተወለደ ምትኩ ወይም ካሳ ይባላል። ከዚህ በኋላ የአባቱ ስም ይከተላል፥ ሲያስፈልግም የአያቱ፤ ከዚያ ያለፈው ከአፍ ይወድቃል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ከመንዝ የወጣው የሸዋ ነገሥታት ትውልድ ነው። ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ ከአጋንቻ ተነሥተው የሸዋን መንግሥት መሠረቱ። ከእርሳቸው ስብስቴ፥ ከስብስቴ አብዬ፥ ከአብዬ አምኃ ኢየሱስ፥ ከአምኃ ኢየሱስ አስፋ ወሰን፥ ከአስፋ ወሰን ወሰን ሰገድ፥ ከወሰን ሰገድ ሣህለ ሥላሴ፥ ከሣህለ ሥላሴ ኃይለ መለኮት፥ ከኃይለ መለኮት ዐፄ ምኒልክ ተወለዱ። ዘጠኝ ትውልድ ልጅ አባቱን እየተካ ሲገዛ አንድ የጋራ ስም አልነበረውም፤ በእንግሊዝ ልማድ ቢሆን ኖሮ ዘጠኙም ነጋሲ በተባሉ ነበር። (አስፋ ወሰን ማለት ወሰንን ያሰፋ ማለት ነው፤ የተወለደበትን ቤት ምኞት ከዚህ አብልጦ የሚናገር ስም አይገኝም።)

ታዲያ ዘር በምን ይታወቅ ነበር ቢባል፥ በቈጠራ ነው። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ እንደ ተባለ፥ ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው ሁሉ ከመሬቱ ድርሻ ለመጠየቅ መብት ነበረው። ባለ ጉዳዩ ከዳኛው ፊት ቆሞ ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ፥ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ በቃሉ ይቈጥራል፤ ተከራካሪውም አንዲቱን መገጣጠሚያ ለማፍረስ ይሞክራል። የአንዲት ሴት አያት ስም ቢጠፋው ወይም ቢሳሳት እርሻው ከእጁ ይወጣል። ስለዚህ ሰው የአቅኚውን አባት ስም በራሱ ላይ ባይሸከመውም በልቡ ይዞት ይኖር ነበር።

በዚህ ቈጠራ ውስጥ በጣም ሊስተዋል የሚገባው፥ የሴትም የወንድም ትውልድ እኩል መቈጠሩ ነው። አንድ የመንዝ ሰው በአባቱ ወገን ከጌራ፥ በእናቱ እናት ወገን ከማማ ተወልዶ ከሁለቱም ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር። የእንግሊዞች የቤተ ሰብ ስም ይህን ሊሸከም አይችልም። ቤተ ክርስቲያን ለጋብቻ የምትከለክለውን ሰባት ቤት ያህል ወደ ላይ ቢወጡ፥ በሰባተኛው ትውልድ 128 አባቶችና እናቶች ይገኛሉ፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደው ስም ከእነዚህ የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው፥ 127ቱን ይጥላል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከመንገሣቸው በፊት ተፈሪ መኰንን ወልደ ሚካኤል ይባሉ ነበር። በዚህ ስም ውስጥ ሣህለ ሥላሴን የሚፈልግ አያገኛቸውም፤ ትውልዱ የመጣው የራስ መኰንን እናት በሆኑት በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ነውና። ሦስት የወንድ ስም ብቻ የሚጽፍ መዝገብ የመንግሥቱን የዘር ሐረግ እንኳ የማያሳይ ከሆነ፥ የገበሬውን እንዴት ያሳያል?

የአቅኚ አባት ስም መብትን ይሰጥ የነበረው በእርሻ ብቻ አልነበረም። በመንዝ ምሥራቅ ባለው ከፍተኛ ውርጫማ ምድር፥ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሳ መሬት አለ። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል፤ በድርቅ ዓመትም ከብት የሚተርፍበት ግጦሽ ነው። ይህን መሬት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች በፈረስ ግልቢያ ወሰን ለይተው ተካፈሉት ተብሎ ይነገራል። ከዚያ ጀምሮ የአስቦ ወገን ለብቻው፥ የጌራ ወገን ለብቻው አለቃ እየመረጠ በቀሮ ደንብ ያስጠብቀው ነበር። ሣሩ እስኪደርስ ድረስ መሬቱ ለጥቂት ዓመታት ተዘግቶ ይቈያል፤ ሲከፈትም የሚያጭደው ከሁለቱ አባቶች በአንዱ የተቈጠረ ሰው ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በጓሳ የሚገኙት ይህ የቈየ ጥበቃ ስለ ነበረ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ ርስትም የቀሮ ደንብም ቀረ፤ ኋላ ግን ጥበቃው በአካባቢው ሕዝብ በተመረጡ ሰዎች እጅ እንደ ገና ተቋቋመ።

ስለ ስሞቹ ስርጭት አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ላሎ የሚባል ስም በመንዝ ብቻ አይደለም፤ በወለጋ ላሎ አሳቢና ላሎ ቅሌ የተባሉ ወረዳዎች አሉ። ጌራም በጅማ በኩል የጥንት መንግሥት ስም ነበረ፥ ዛሬም ወረዳ ነው። ይህን አይቶ የመንዝን ላሎ ከወለጋው፥ የመንዝን ጌራ ከጅማው ማዛመድ የቸኰለ ሰው ሥራ ነው። የድምፅ መመሳሰል የዘር ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃ የሚሆነው የትውልድ ቈጠራ ወይም የጥንት ጽሕፈት ነው። ደግሞም የአውራጃው ስም ሁሉ ከሰው የመጣ አይደለም። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ በታቦቱ ስም ይጠራል። በቆላው ያሉት ኤፍራታና አንጾኪያ ስማቸው የመጽሐፍ ቅዱስ አገሮች ስም ነው። መርሐ ቤቴ ደግሞ የግእዝ መልክ አለው፤ መርሐ ማለት መራ ማለት ነውና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው፥ ልጅም የአባቱን የቤተ ሰብ ስም እንዲይዝ ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፤ ነገሩ በወረቀት ላይ ቀረ። ወደ ውጭ አገር የሄዱት ኢትዮጵያውያን ግን የዚያ አገር ጸሓፊ የቤተ ሰብ ስም ሲጠይቃቸው ብዙውን ጊዜ የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም ይሰጣሉ። በዚህም ምክንያት ባልና ሚስት በልዩ ልዩ ስም ይጻፋሉ፤ ሚስት በኢትዮጵያ ልማድ በባሏ ስም አትጠራምና። በዚያ አገር የተወለደው ልጅም የአያቱን ስም ለልጅ ልጁ የሚያወርስ ይሆናል። በመንዝ በአንድ ቤት ከተጠራ በኋላ ይረሳ የነበረ ስም፥ እንዲህ እንደ ሐሪስ ያለ የዘር ስም እየሆነ ነው።

በአገር ውስጥ ደግሞ ርስት ከቀረ ወዲህ የትውልድ ቈጠራ ጥቅሙ ለጋብቻ ብቻ ስለ ሆነ እየሳሳ ሄዷል። በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ሞልቶት ከዳኛ ፊት ሲቈጠር የሰማ ጐልማሳ ዛሬ ሽማግሌ ነው። ልጆቹ ግን ቈጠራውን የሚማሩበት ሸንጎ የለም። ስለዚህ የትምህርት ቤት መዝገብ የያዘ መምህር ከሽማግሎቹ ጋር ሆኖ ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ።

በመጀመሪያ ስሙ ሳይቈረጥ ይጻፍ። ገብረ፥ ወልደ፥ ኃይለ፥ ተክለ፥ ወለተ የሚሉት ቃላት ለብቻቸው ስም አይደሉም፤ ገብረ ብሎ ማቆም አገልጋይ ብሎ ጌታውን መተው ነው። ሥላሴ በንጉሡ ሠ፥ ኃይል በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል፤ አንዱ መዝገብ በአንድ ፊደል፥ ሌላው መዝገብ በሌላ ፊደል ከጻፈው ከዘመናት በኋላ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል።

ሁለተኛም ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ገጽ ይመደብ፤ አንዱ ለአባት ወገን፥ አንዱ ለእናት ወገን ይሁን። ከአባትና ከእናት ጀምሮ ወደ አያት፥ ወደ ቅድመ አያት፥ እያለም ሰባት ቤት እስኪሞላ ይውጣ። በየስሙ አጠገብ የተወለዱበት ቀበሌና ደብር፥ በመጨረሻም ቈጠራው የሚደርስበት አቅኚ አባት፥ አስቦም ቢሆን፥ ጌራም፥ ማማም፥ ላሎም ቢሆን፥ ይጻፍ። ስለ እናት ወገን ወንዶቹን ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ባልቴቶቹ አብልጠው ያውቃሉና። የነገረው ሰው ስምና የተጻፈበት ቀንም በግርጌው ይመዝገብ። ሽማግሌው ቈጥሮ ያቆመበት ስፍራ ባዶ ይተው እንጂ በግምት አይሞላ፤ ከሌላ ቀበሌ የሚመጣ ሌላ ሽማግሌ የጐደለውን ስም ያውቅ ይሆናልና።