ስለ ሜምፊስ ከተማ የጽዳት ሠራተኞች አድማና ስለ ሠራተኞች መረዳዳት

አድማ የሚለው ቃል በቋንቋችን መልካም ስም የለውም። አባቶቻችን ሰው አደመ ሲሉ በሹም ወይም በጎረቤት ላይ በስውር ተማከረ ማለታቸው ነበር። ዛሬ ደግሞ ሠራተኞች በግልጽ ሥራቸውን አቁመው ምክንያታቸውን በአደባባይ ሲናገሩ ነገሩን በዚሁ ቃል እንጠራዋለን፤ ስለዚህ ጉዳዩ ገና ሳይሰማ ቃሉ አስቀድሞ ይፈርድበታል። ይልቁንም ሥራ ያቆመው የመንግሥት ወይም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ እንደ ሆነ ፍርዱ ይጸናል። የፋብሪካ ሠራተኛ ቢያድም የሚጎዳው የፋብሪካው ባለቤት ነው ይባላል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ቢያድም ግን ውሃ የሚቋረጥበት፤ ጥራጊ በደጁ የሚከመርበት፤ በሐኪም ቤት በር ቆሞ የሚውለው ሕዝቡ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለበት። ዳሩ ግን በአሜሪካ አገር በቴነሲ ግዛት በምትገኘው በሜምፊስ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. የሆነው ነገር ይህ ክርክር እስከ የት እንደሚያደርስና ከየት ላይ እንደሚቆም ስለሚያሳይ፤ ለሹማምንትና ለካህናት አንባቢዎቻችን በዝርዝር ልንጽፈው ወደድን። ስለ ሜምፊስ በምንጽፈው ሁሉ ዘመኑ የሚቈጠረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሜምፊስ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተሠራች፤ በጥጥ ንግድ የበለጸገች ከተማ ናት። በዚያ ዘመን የከተማይቱን ጥራጊ የሚያነሡትና የቆሻሻ ውሃ መውረጃውን የሚጠርጉት ወደ 1,300 የሚሆኑት አድመኞች ጥቁሮች ሲሆኑ፤ አዛዦቻቸው ነጮች ነበሩ። ሠራተኞቹ በየቤቱ ጓሮ እየገቡ ጥራጊውን በትልቅ ገንዳ ይሰበስባሉ፤ ገንዳውንም በራሳቸው ወይም በትከሻቸው ተሸክመው እስከ መኪናው ያደርሳሉ። ገንዳው የተቀደደ እንደ ሆነ እድፉ በአንገታቸውና በልብሳቸው ላይ ይወርዳል። በሥራው ስፍራ መታጠቢያ ስላልነበራቸው በዚያው ሁኔታ ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ። ደመወዛቸው በሰዓት ከ2 ዶላር የማይሞላ ስለ ነበረ፤ ሳምንቱን ሙሉ እየሠሩ ለድሆች የሚሰጠውን ርዳታ ለመቀበል የሚገባቸው ብዙዎች ነበሩ። በጥር ወር መጨረሻ ላይ ዝናም በዘነመበት ቀን ጥቁሮቹ የውሃ መውረጃ ሠራተኞች የሁለት ሰዓት ክፍያ ብቻ ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ታዘዙ፤ ነጮቹ ግን ቆይተው የቀኑን ሙሉ ደመወዝ ተቀበሉ።

በማግሥቱ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ከዝናሙ ለመሸሸግ ከጥራጊ መኪናቸው የኋላ ክፍል ገቡ። ወደ ሰው ቤት በረንዳ መጠጋት ለእነርሱ ያልተፈቀደ ነበርና። መኪናው አሮጌ ነበረ፤ ጥራጊውን የሚጨምቀው ብረት ማንም ሳይነካው ተንቀሳቀሰና ሁለቱን ሰዎች ጨፍልቆ ገደላቸው። ከተማው ለየቤተ ሰባቸው የአንድ ወር ደመወዝና ለመቃብር ወጪ 500 ዶላር ሰጠ። በሰዓት የሚከፈላቸው ስለ ነበሩ ሌላ የሚገባቸው ካሣ አልነበረም።

እነዚህ ሰዎች ማኅበር ለማቆም ከዚያ አስቀድሞ ሞክረው ነበር። በ1963 ዓ.ም. ስብሰባ አደረጋችሁ ተብለው 33 ሠራተኞች ተባረሩ። ከተባረሩትም አንዱ ቲ. ኦ. ጆንስ የሚባለው ሰው ተስፋ ሳይቈርጥ ማኅበሩን አቆመ። በ1966 ዓ.ም. ለማደም ቢዘጋጁ የመንግሥት ሠራተኛ ማደም ክልክል ነው የሚል የፍርድ ቤት እገዳ ወጣባቸውና ተዉት። በ1968 ዓ.ም. ግን ፌብሩዋሪ 12 ቀን ከዋናው ማኅበራቸው ፈቃድ ሳይጠይቁ ከሥራ ቀሩ። በዋሽንግተን የነበሩት የማኅበሩ አለቆች ነገሩን በሰሙ ጊዜ ደነገጡ እንጂ ደስ አላላቸውም። በክረምት ማንም የጽዳት ሠራተኛ አያድምም፤ ጥራጊ የሚሸተው በበጋ ነውና።

አሁን ስለ ከንቲባው ስለ ሄንሪ ሎብ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እኒህ ሰው ሌባ ወይም ጉቦኛ አልነበሩም። የከተማውን ገንዘብ በጥንቃቄ የሚይዙ፤ በሳምንት አንድ ቀን በራቸውን ከፍተው የማንኛውንም ነዋሪ አቤቱታ የሚሰሙ ሹም ነበሩ። ከዚያ ቀደም የከተማው የሕዝብ ሥራ ኃላፊ ሆነው የጽዳቱን ክፍል ራሳቸው ስለ መሩት ሠራተኞቹን አውቃቸዋለሁ ይሉ ነበር። ለአድመኞቹም የመለሱት ቃል አጭር ነበር፤ አድማው ሕግን የሚቃወም ነው፤ በመጀመሪያ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። በሕግ በኩል ቃላቸው ስሕተት አልነበረበትም። የፍርድ ቤቱ እገዳ በእጃቸው ነበረ። ሠራተኛው ግን ለብቻው መጥቶ በከንቲባው በር ቢቆም እንደሚሰማ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በማኅበሩ ስም ቢመጣ ግን እንደማይሰማ ተረዳ። አባት ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርቶ እንደሚያነጋግር ዓይነት ነበር፤ ሠራተኞቹ ደግሞ የልጅነት ዘመናቸው ካለፈ ቆይቷል።

ድርድሩ ሁሉ የተሰናከለበት ነገር ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም የማኅበሩ መዋጮ ከደመወዝ ላይ ተቈርጦ ለማኅበሩ ገቢ ይሁን አይሁን የሚለው ነበር። ደመወዙ ሊጨመር ይችል ነበር፤ መዋጮውን ግን ከንቲባው ፈጽሞ አልፈቅድም አሉ። ሁለቱም ወገኖች የነገሩን ጥልቀት ያወቁ ይመስለናል። ዕድር ያለው አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዕድርተኛው በየወሩ የሚያወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ገንዘቡ በጊዜው ካልተሰበሰበ የዕድሩ ስም ይቀራል እንጂ ዕድሩ አይኖርም። አምስት ልጆች ያሉት ሰው በየወሩ ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣል ማለት አስቸጋሪ ነው፤ አዛዡ እያየው መስጠትማ ይበልጥ ያስፈራዋል። መዋጮው ከደመወዙ ላይ ቢቈረጥ ግን ማኅበሩ ይጸናል፤ ማኅበሩም ከጸና የጭማሪው ዶላር ነገ ተመልሶ አይወሰድም።

እንግዲህ 1,300 ድኾች ያለ ደመወዝ 65 ቀን እንዴት ቆዩ? በራሳቸው ብርታት ብቻ አልቆዩም። በየቀኑ በእኩለ ቀን የሚሰበሰቡት የፋየርስቶን ጎማ ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር በሰጣቸው አዳራሽ ነበር። ጎማ የሚሠራው ሰው ከጥራጊ ጋር ምን ጉዳይ አለው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን የከተማው አስተዳደር የራሱን ሠራተኞች ማኅበር የሰበረ እንደ ሆነ፤ የፋብሪካ ጌቶች ነገ ያንኑ አብነት እንደሚከተሉ ያውቅ ነበር። ገንዘብም ከሌሎች ማኅበሮች መጣ። ከሁሉ የበለጠው ርዳታ ግን የመጣው ከአብያተ ክርስቲያናት ነው።

ካህናቱ በመጀመሪያው ሳምንት አብዛኞቹ ዝም ብለው ነበር። ፌብሩዋሪ 23 ቀን የከተማው ምክር ቤት ነገሩን ከራሱ ላይ አውርዶ ወደ ከንቲባው በመለሰው ጊዜ፤ ሠራተኞቹ በሰልፍ ሲሄዱ ፖሊሶች ዓይን የሚያቃጥል መርዝ ረጩባቸው፤ በዱላም መቱዋቸው። አብረዋቸው ይሄዱ የነበሩት ካህናትም ከዚያው ጽዋ ጠጡ። በማግሥቱ የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ለአለቅነትም ቄስ ጄምስ ሎሰንን መረጡ። እኒህ ቄስ በወጣትነታቸው ወደ ሕንድ አገር ሄደው ያለ ኀይል የመታገልን የጋንዲን ትምህርት የተማሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ከስብከቱ በኋላ ለአድመኞቹ ገንዘብ ይሰበሰብ ጀመር፤ ምእመናኑም ከመካከለኛው ከተማ ሱቆች ዕቃ እንዳይገዙ ተመከሩ። ሠራተኞቹ ክሌይቦርን ቴምፕል ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን እየተነሡ በየቀኑ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይሰለፉ ነበር። በአንገታቸው ባንጠለጠሉት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ስለ ደመወዝ አልነበረም፤ እኔ ሰው ነኝ የሚል ብቻ ነበር። በዚያ አገር የሰባ ዓመቱን ጥቁር አንተ ልጅ ብሎ መጥራት የተለመደ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው የቃሉን ክብደት ይረዳል።

ቄስ ሎሰን ወዳጃቸውን ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ጠሩ። ዶክተር ኪንግ ማርች 18 ቀን መጥተው በብዙ ሺሕ ለሚቈጠር ሕዝብ ተናገሩ፤ ለሰልፍም እንደሚመለሱ ቃል ሰጡ። የተቀጠረው ቀን ማርች 22 ሲደርስ በዚያ አገር በመጋቢት ያልተለመደ በረዶ ወርዶ ከተማውን ሁሉ ዘጋው። ሰልፉ ወደ ማርች 28 ተዛወረ፤ በዚያም ቀን አንዳንድ ወጣቶች የሱቅ መስተዋት ስለ ሰበሩ ብጥብጥ ሆነ፤ ላሪ ፔይን የተባለ የ16 ዓመት ልጅ በፖሊስ ጥይት ሞተ። ወደ 4,000 የሚጠጋ ብሔራዊ ዘብም ወደ ከተማው ገባ። የዶክተር ኪንግ ጠላቶች ሰላማዊነታቸው ሐሰት ነው ብለው ጻፉ። እርሳቸውም ሰልፉ በሰላም እንዲደገም ብለው ተመለሱ።

ኤፕሪል 3 ቀን ማታ ያደረጉት ንግግር በዓለም የታወቀ ነው፤ ለካህናት የሚጠቅመው ግን ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ክፍሉ ነው። በኢያሪኮ መንገድ ስለ ወደቀው ሰው የተነገረውን ምሳሌ አንሥተው፤ ካህኑና ሌዋዊው ክፉዎች ስለ ሆኑ አለፉ አላሉም። መንገዱን ራሳቸው አይተውት ነበርና፤ ጠመዝማዛና ለወንበዴ የተመቸ መሆኑን ተናገሩ። የሚያልፈው ሰው ብቆም ምን ያገኘኛል ብሎ ይጠይቃል፤ ሳምራዊው ግን ባልቆም እርሱን ምን ያገኘዋል ብሎ ጠየቀ ሲሉ ተረጐሙት። የመረዳዳትን ነገር ከዚህ በተሻለ ያስረዳ ትርጓሜ አላገኘንም። የጎማ ሠራተኛውም፤ ቄሱም፤ ጥሩ ጫማ መግዛቷን ለፋሲካ የተወችውም ሴት በዚያ መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች ነበሩ። በማግሥቱ ኤፕሪል 4 ቀን ወደ ማታ ዶክተር ኪንግ በሎሬን ሆቴል ሰገነት ላይ ቆመው ሳለ በጥይት ተገደሉ።

ኤፕሪል 5 ቀን ነጮችና ጥቁሮች ካህናት አንድ ሆነው፤ መስቀል አስቀድመው፤ ከቅድስት ማርያም ካቴድራል ተነሥተው ወደ ከንቲባው ቢሮ ሄዱ። ረቢ ጄምስ ዋክስ የተባሉት የአይሁድ መምህር ከሜምፊስ ሕግ በላይ የሆነ ሕግ እንዳለ ለከንቲባው በሰው ሁሉ ፊት ነገሩዋቸው። ነጮቹ ካህናት ይህን ያደረጉት ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ግን ሊሸሸግ አይገባም። ኤፕሪል 8 ቀን ወይዘሮ ኮሬታ ስኮት ኪንግ ከልጆቻቸው ጋር የመሩት፤ ወደ 40,000 የሚገመት ሕዝብ አንድ መስተዋት ሳይሰብር በዝምታ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የላኩዋቸው የሥራ ሚኒስቴር ባለ ሥልጣን ጄምስ ሬይኖልድስ ሁለቱን ወገኖች አደራደሩ፤ ኤፕሪል 16 ቀንም ስምምነት ሆነ። ከተማው ማኅበሩን አወቀ፤ ዕድገት በአገልግሎት ዘመን እንዲሆን፤ አቤቱታ በሥርዓት እንዲሰማ ተጻፈ፤ በሰዓት 10 ሳንቲም ከሜይ፤ 5 ሳንቲም ደግሞ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ተጨመረ። መዋጮውስ? ከደመወዛቸው ተቈርጦ ወደ ሠራተኞቹ የቁጠባና የብድር ማኅበር እንዲገባ፤ ከዚያም ወደ ሠራተኛው ማኅበር እንዲተላለፍ ተደረገ። በዚህ መንገድ ከንቲባው ከተማው ለማኅበሩ መዋጮ አይሰበስብም ያሉትን ቃላቸውን ጠበቁ፤ ማኅበሩም መዋጮውን አገኘ። ይህ መላ አንድ ቀን የሚፈጅ ምክር ነበር። በፌብሩዋሪ ሊገኝ ይችል እንደ ነበረ ማን ይክዳል?

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ42ኛው አንቀጽ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም፤ አቤቱታቸውንም ሥራ እስከ ማቆም ድረስ የማሰማት መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ ዝርዝሩንም ለሕግ ይተወዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በበኩሉ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይመለከትም፤ የከተማ ጽዳትንም ከውሃ፤ ከመብራትና ከሐኪም ቤት ጋር ቈጥሮ አድማ ከማይደረግባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች መካከል አድርጎታል። የዚህ ዓይነቱ ክልከላ ምክንያት እንዳለው በመጀመሪያ ተናግረናል። ነገር ግን አድማን የከለከለ ሕግ በሹሙ ትከሻ ላይ ሌላ ሸክም ይጭናል፤ ሠራተኛው ሥራ ሳያቆም የሚሰማበትን ሸንጎ በጊዜው መክፈትና በዚያም የተፈረደውን መፈጸም አለበት። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ አምስተኛ ምዕራፍ ስለ ተያዘ የሠራተኛ ደሞዝ የጻፈውን ካህናቱ ያውቁታል፤ በዚያ ስፍራ የሚጮኸው ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ደሞዙ ራሱ ነው፤ የደሞዝን አፍ የሚዘጋ አዋጅ ደግሞ እስከ ዛሬ አልወጣም።

በሜምፊስ ስምምነቱ ሁሉን አልፈጸመም። በ1968 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ከከተማው ጡረታ ይልቅ የፌዴራሉን መንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና መርጠው ነበርና፤ ባረጁ ጊዜ ያ ገንዘብ አልበቃቸው አለ። አንዳንዶቹ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ በጥራጊ መኪናው ላይ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. የከተማው ከንቲባ ጂም ስትሪክላንድ በሕይወት ለተገኙት 14 አድመኞች ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር እንዲሰጥ ምክር ቤቱን ጠየቁ፤ በኋላም ገንዘቡ ወደ 70,000 ከፍ አለ። ሥራቸውን ያቆሙት 1,300 ነበሩ።