የኤሌክትሪክ ምጣድ እና የቆየ ቤት መስመር

የኤሌክትሪክ ምጣድ በተራ ቤት ውስጥ ብዙ ኃይል ከሚስቡት ዕቃዎች አንዱ ነው። በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። በ220 ቮልት መስመር 3.5 ኪሎ ዋት 16 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ ተራ የግድግዳ ሶኬት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ መጠንም ይኸው ነው። ጋገራው ሰዓታት ሲወስድ ላላ ያለው መገናኛ ሁሉ ይግላል፤ የሶኬቱ ፕላስቲክ መጥቆርና የቃጠሎ ሽታ የዚህ ምልክት ናቸው።

በሸክላው ጀርባ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ የተጠመዘዘ የማሞቂያ ሽቦ ተዘርግቶ ይታሸጋል፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ይሸፈናል። ሸክላው ሲሰነጠቅ፣ ሽቦው ከቦዩ ሲወጣ ወይም የፈሰሰ ሊጥ እስከ መገናኛው ሲወርድ ኮረንቲው ወደ ቆርቆሮው ይሻገራል። ምጣዱ ግን መጋገሩን አይተውም። ችግሩ የሚታወቀው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ የቆመችው ጋጋሪ ቆርቆሮውን ስትነካ ነው። «ትንሽ ይነዝራል» ተብሎ የሚታለፈው ይህ ነው፤ ሊታለፍ ግን አይገባም።

በቆዩ የጭቃ ቤቶች ብዙ ጊዜ ወደ ሶኬቱ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች፣ ፌዝና ኒውትራል፣ ብቻ ናቸው። ኧርዝ የሚባለው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ የለም። ከኮርኒስ በላይ ያለውም መስመር ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ፣ ልባሱ የደረቀ ወይም አይጥ የበላው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለምጣድ ከማከፋፈያው ሳጥን በቀጥታ የሚነሳ፣ መሐል ላይ ያልተቀጠለ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ከ20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር ጋር ይዘረጋለታል። ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግር በትልቅ መለወጥ ጥበቃውን ከሽቦው ላይ ማንሳት ነው።

ኧርዙ ከምጣዱ ቆርቆሮ ተነስቶ መሬት ውስጥ እስከተቀበረው የብረት ዘንግ ይደርሳል። አንዳንድ ሠራተኞች ዘንግ ከመቅበር ይልቅ በሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር ያገናኙታል። ይህ ከሁሉ የከፋው አሠራር ነው፤ ኒውትራሉ ከመንገድ ላይ ቢቋረጥ ቆርቆሮው ሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰርም ዛሬ አያስተማምንም፤ ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ሆኗል።

ዘንጉም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። የአፈሩ ሬዚስታንስ 10 ኦም ቢሆን በኧርዙ የሚያልፈው 22 አምፔር ብቻ ስለሆነ የ25 አምፔር ብሬከር ወዲያው አይወድቅም። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ የሚያልፈው ከዚህም ያንሳል። ይህን ክፍተት የሚዘጋው አርሲዲ የተባለው መቁረጫ ነው። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ኮረንቲ እያነጻጸረ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያጠፋል። ኧርዝ በሌለበት ቤት እንኳ ሰው ሲነካ ይቆርጣል። ሁሉንም በአንዴ ለማሠራት አቅም ያጠረው ቤተሰብ ከዚህ ይጀምር፤ ገጹ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍም በየጊዜው ይጫን፤ ተጭና ካላጠፋች መሣሪያው ይለወጥ።