ያውቁ ኖሯል? የጌም ኮምፒውተር ጎንደር ላይ ሲገጣጠም

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ካርዱ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ጥቂቱን ያካክሳል እንጂ ሁሉንም አይደለም። አራዳ ወርደው ኬዝ ሲመርጡ በሚያብረቀርቀው መብራት አይማረኩ፤ ፊቱን ይዩት። እንደ ወንፊት የተበሳሳ ከሆነ አየር ያስገባል፣ ድፍን መስታወት ከሆነ ግን ያፍነዋል።

የሃርድ ዲስክ ነገር ደግሞ ይገርማል። መረጃ የሚያነብበው ጫፍ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ትራስ ነው። በብዙዎቹ ላይ አምራቾቹ ያስቀመጡት የከፍታ ገደብ 3,048 ሜትር ነው። ጎንደርም ደባርቅም ከዚያ በታች ናቸው፤ በስሜን ተራሮች ያለው ጨነቅ ግን ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው የአየር ትራስ አያሻውም። ፍጥነቱም ሌላ ነው።

በመካከለኛ በጀት ትልቁ ድርሻ ለግራፊክስ ካርዱ ይሁን። 16 ጊጋባይት ራም የሚገዙ ከሆነ ሁለት ባለ 8 ይውሰዱ፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባል። ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን አይሰስቱ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግፊቱን ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው፤ ርካሹ ሲቃጠል ካርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ገንዘቡ ካልበቃ ከካርዱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበሉና ደህና ፓወር ሰፕላይ ይግዙ።