የመኝታ ቤት አየር
በጣራ መብራት ፈንታ የጣራ ማራገቢያ ስለ መስቀል

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ የተከተለ መንገደኛ ጋይንት ሲገባ ንፋስ መውጫ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ስሟ ከግብሯ ጋራ የተስማማ ነው። በዚሁ በጋይንት አገር ያለችው ቤተ ልሔምም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆን የታወቀች ናት። ዜማ ያለ ጤናማ ሳንባ አይዜምም፤ ሳንባም ያለ ንጹሕ አየር ጤናውን አይጠብቅም። ስለዚህ ነፋስ በስሙ በሚጠራበት አገር ስለ መኝታ ቤት አየር መነጋገር የተገባ ነው።

ከዚህ ደጋ ተነሥቶ ለሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ሌላ የቆላ ከተማ የተዛወረ አንድ መምህር እናስብ። በተከራየው አፓርታማ መኝታ ቤት ከጣራው መካከል አንድ አምፖል ብቻ ተንጠልጥሏል። ሌሊቱ ይሞቃል፥ እንቅልፍም ይከለክላል። ጎረቤቱ «አምፖሉን አንሥተው በቦታው ቬንቲሌተር ይስቀሉ» ሲል ይመክረዋል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመፈጸሙ በፊት መሣሪያው የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማራገቢያ ምን ይሠራል?

በጥንት ጊዜ በሕንድ አገር በታላላቅ ሰዎች ቤት ሰፊ ጨርቅ ከጣራ ተንጠልጥሎ አገልጋዮች በገመድ እየሳቡ ያወዛውዙት ነበር። በኤሌክትሪክ የሚዞረውን የጣራ ማራገቢያ የፈለሰፈው፥ በአሜሪካ የስፌት መኪና ሞተር ይሠራ የነበረው ፊሊፕ ዲል ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1880ዎቹ ነበር።

ብዙ ሰዎች ማራገቢያ የክፍሉን አየር የሚያቀዘቅዝ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። ሥራው አየሩን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። የሚንቀሳቀሰው አየር ከገላችን ላይ ላቡን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ላብ ሲደርቅ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ሰውነታችን ይቀዘቅዛል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ተማሪው አንድ እጁን በውሃ አርጥቦ ሌላውን ደረቅ ይተው፥ ከዚያም ሁለቱንም በደብተር ያራግብ። የረጠበው እጅ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ ይሰማዋል። ከዚህም የተነሣ ሰው በሌለበት ክፍል ማራገቢያ እየዞረ ቢውል ኤሌክትሪክ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

ለጥቅሙም ወሰን አለው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚመክረው፥ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ማራገቢያ ሰውነትን ማሞቅ ይጀምራል። በእንዲህ ያለ ቀን ውሃ መጠጣት፥ ገላን በውሃ ማራስና ከጥላ መዋል ይሻላል።

ማራገቢያ ምን አይሠራም?

ማራገቢያ አየር አይለውጥም። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያዞረው ያንኑ የተተነፈሰውን አየር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ፥ ሮበርት ኮህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ያገኘው፥ በሽተኛው ሲያስል ከአየር ጋራ ተቀላቅሎ ወደ ሌላው ሰው ይተላለፋል። ይህን አየር የሚያሳሳው ከውጭ የሚገባው ንጹሕ አየር ነው። እንግዲያስ ማራገቢያ የሰቀለ ሰው መስኮቱን ለመዝጋት ምክንያት አገኘሁ አይበል።

አጎበርንም አይተካም። ነፋሱ የወባ ትንኝን በረራ ሊያውክ ይችላል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፥ ትንኟም ትመለሳለች። በቆላ የሚተኛ ሰው መድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ የአጎበሩም ጨርቅ ከሚዞረው ክንፍ ርቆ ይታሰር።

አሰቃቀሉ

አምፖል ክብደቱ ጥቂት ስለ ሆነ በሽቦው ብቻ ሊንጠለጠል ይችላል። ማራገቢያ ግን አራት ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝን፥ ሲዞርም የሚንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ የአምፖሉ ማንጠልጠያ ሊሸከመው አይችልም። በአንዳንድ አፓርታማ ጣራው በውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት የተሞላ ስለ ሆነ፥ መንጠቆው በኮንክሪቱ ተሸካሚ ላይ ካልተበሳ ይነቀላል። ኮርኒስ ባለው ቤትም መንጠቆው በኮርኒሱ ሳይሆን ከበላዩ ባለው ጠንካራ እንጨት ላይ ይታሰር። ከአልጋ በላይ የሚንጠለጠል ነገር በሚተኛው ሰው ሕይወት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ አይዘንጋ።

ክንፎቹ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ፥ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር ያህል ይራቁ። ጣራው ዝቅ ያለ ከሆነ፥ ወይም ልጆች በተደራራቢ አልጋ የሚተኙ ከሆነ፥ የጣራ ማራገቢያ መስቀል አይገባም፤ ከወለል ላይ የሚቆመው፥ ክንፉ በወንፊት ብረት የተሸፈነው ይሻላል። የኤሌክትሪኩን ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራው። ከመጀመሩም በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ሳይሆን ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር ያጥፋ፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነውና ሰውን ይገድላል። የመሬት ሽቦውም ይገናኝ።

አምፖሉ ሲነሣ ክፍሉ ይጨልማል። ሌሊት ለታመመ ልጅ የሚነሣ ወላጅ ያለ መብራት ሊሰናከል ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የግድግዳ መብራት ይዘጋጅ፥ ወይም ከክንፎቹ በታች አምፖል ያለው ማራገቢያ ይመረጥ። መብራቱ ከክንፎቹ በላይ ከሆነ ጥላቸው እየተመላለሰ ዓይን ያደክማል።

ስለ ወጪውም፥ 60 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢዞር በ30 ቀን 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ከግማሽ ያህል ይፈጃል። በክንፎቹ ላይ የሚከማቸውን አቧራ በየጊዜው፥ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፥ አሮጌ የትራስ ልብስ አልብሶ መጥረግ ነው፤ አቧራው በጨርቁ ውስጥ ይቀራልና በአልጋው ላይ አይበተንም።

በደጋስ?

በንፋስ መውጫና በቤተ ልሔም ለሚኖር ሰው ማራገቢያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው መስኮት ነው። የደጋ ሰው ብርድ ፈርቶ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ይወትፋል፥ ከዚያም ከሰል በምድጃ አቀጣጥሎ ወደ መኝታ ቤት ያስገባል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ መልክም ሽታም የለውም። ራስ ያሳምማል፥ ያዞራል፥ ያስመልሳል፤ የተኛውን ሰው ግን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ጢሱ ጠፍቶ ፍሙ በቀላ ጊዜ ጋዙ የጠፋ የሚመስላቸው ሰዎች ተሳስተዋል። ማራገቢያም ቢኖር ይህን መርዝ በክፍሉ ውስጥ ከማዞር በቀር አያስወጣውም። ፍም ያለበት ምድጃ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ፤ ለብርዱ ብርድ ልብስ መደረብ ይበቃል። ብዙ ተማሪዎች በአንድ ጎጆ በሚያድሩበት ቦታም ከበሩ ሌላ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከፍ ብሎ ይከፈት፤ ጧትም በሩ ተከፍቶ ምንጣፉ ፀሐይ ይሙቅ።

እንግዲህ ቆለኛውም ደገኛውም አንድ ሥርዓት ይጠብቅ፤ በመኝታ ቤቱ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ይኑር። ማራገቢያው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ምቾት ነው። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» እንዲሉ፥ መንጠቆውን ከመስቀል በፊት መርምሩ፤ ከመተኛታችሁም በፊት መስኮቱንና ምድጃውን ተመልከቱ።