ማክሮ ሌንስ፣ የፊደል ወዳጅ

ከካሜራ መሣሪያዎች ሁሉ በአገራችን እጅግ የተናቀው፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር ለንብና ለአበባ ብቻ የተሠራ የባለጸጎች መጫወቻ መስሎ የሚታየው፣ ማክሮ የተባለው የቅርብ ሌንስ ነው። የሠርግ ፎቶ የሚያነሣው ባለሙያ ጀርባን ለሚያደበዝዝ ሌንስ ብዙ ገንዘብ ለማውጣት አያመነታም፤ ያገለገለ ማክሮ ሌንስ ከዚያ ባነሰ ዋጋ ሲቀርብለት ግን «እኔ ነፍሳት አላነሣም» ብሎ ያልፈዋል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ደራሲ እንደ ነበሩ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበርና እስከ መንዝ ባሉት አድባራት ዕቃ ቤትም የብራና መጻሕፍት በየማኅደራቸው ሆነው እንደሚጠበቁ የሚያስብ ሰው ግን፣ በሰሜን ሸዋ ለሚኖር ፎቶ አንሺ ከዚህ ሌንስ የሚቀድም እንደሌለ ከእኔ ጋር ይስማማል ብዬ አምናለሁ።

ስለ መለኪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። በካሜራው ውስጥ ብርሃን በሚያርፍበት ገጽ ላይ የሚሣለው ምስል ከነገሩ ከራሱ ጋር እኩል ሲሆን 1 ለ 1፣ እኩሌታውን ሲያህል 1 ለ 2 ይባላል። በብዙ ዙም ሌንሶች ጎን «ማክሮ» ተብሎ ቢታተምም ልኩ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ለ 3 ወይም ከ1 ለ 4 የማያልፍ ስለ ሆነ፣ ገዢ ከጽሕፈቱ ይልቅ ቁጥሩን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንምጣ። ብዙ ሰው ማክሮ ሌንስን አጉሊ መነጽር ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ማጉላት ግን ከሥራው ሁሉ ታናሹ ነው። የሚበልጠው ጠባዩ ጠፍጣፋውን ነገር ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ከመካከሉ እስከ አራቱ ማዕዘን ባንድ ጥራት ማሳየቱ ነው። ተራው ሌንስ ስሌቱ የተሠራለት ለሩቅ ነገር እንደ መሆኑ መጠን፣ ወደ አንድ ገጽ በቀረበ ጊዜ ጥርት አድርጎ የሚያየው ስፍራ ቀጥ ማለቱን ትቶ ይጐብጣል፤ ስለዚህ የመካከሉ መስመር ጐልቶ ሳለ በጠርዝ ያሉት ፊደላት ይደበዝዛሉ። በሰው ፊት ወይም በአበባ ላይ ይህን ጉድለት ማንም አያስተውለውም፤ የተጻፈ ገጽ ግን ወዲያው ያጋልጠዋል።

ይህ እውነት በአንዱ ማክሮ ሌንስ የልደት ታሪክም የተመሰከረ ነው። የጃፓኑ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው፣ ማይክሮ ኒኮር የተባለው የ5 ሴንቲ ሜትር ሌንስ የተወለደው ነፍሳትን ከሚመረምሩ ሊቃውንት ጥያቄ ሳይሆን ከመጻሕፍት ጥያቄ ነው። በዚያን ዘመን መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ቀርጾ ማቈየት በዓለም ሁሉ ተስፋፍቶ ነበር፤ ለላቲን ፊደል የሚበቃው ሌንስ ግን ጭረቱ የበዛውን፣ ካንጂ የተባለውን የጃፓን ፊደል ለይቶ ማስቀረት ስለ ተሳነው፣ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኮአና ችግሩን ለኩባንያው አቀረቡ፤ ሌንሱም ለዚህ መልስ ሆኖ ተሠራ። ዛሬ የንብ ክንፍና የአበባ ጤዛ የሚነሣበት የማይክሮ ኒኮር ዘር እንግዲህ መጀመሪያ የፊደል አገልጋይ ነበረ።

የካንጂ ችግር የእኛም ችግር ነው። በግእዝ «ንጉሥ» ባለቤት ሲሆን «ንጉሠ» ተሳቢ ወይም ዘርፍ አያያዥ ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው በመጨረሻው ፊደል ላይ ያለች አንዲት ቅጥል ናት። ያቺ ቅጥል በገጹ ጠርዝ ደብዝዛ ከቀረች፣ ንጉሡ መራቂ ይሁን ተመራቂ፣ ድል አድራጊ ይሁን ድል የተነሣ፣ ምስሉን ብቻ የሚያነብ ሰው በምን ይለያል? ነገሩም በመላ ምት የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም ማስነሣት ጀመሩ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሡ። በሸንኮራ የተወለዱት ታላቁ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በሚኒሶታ ተቀምጠው ለረዥም ዘመን ሲያዘጋጁ፣ መጽሐፉ በአገሩ፣ እሳቸው በባዕድ ምድር ሆነው፣ በመካከል ያገናኛቸው ምስሉ ነበር። የሊቁ ምርምር በማያውቁት ፎቶ አንሺ ትጋትና በሌንሱ ታማኝነት ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ነው።

ስለ መግዣው ነገር፣ ኪሱ ለሳሳ ሰው አሮጌው በእጅ የሚዞር የ55 ሚሊ ሜትር ማይክሮ ኒኮር ከበቂ በላይ ነው። ብቻውን 1 ለ 2፣ የ27.5 ሚሊ ሜትር ማራዘሚያ ቀለበት ሲጨመርበት 1 ለ 1 ይደርሳል፤ አንድን ሙሉ የብራና ገጽ ለማንሣት ግን 1 ለ 10 ገደማ ስለሚበቃ፣ «1 ለ 1 ካልሆነ» ብሎ እጥፍ መክፈል ከንቱ ነው። በቀጭን ማገናኛ ቀለበት ለካኖን ካሜራም ይሆናል። በርካሾቹ የኒኮን ካሜራዎች ላይ የብርሃን ልኬቱ ስለማይሠራ ግን ሁሉን በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1977 በፊት የተሠራው ያልተሻሻለው ዓይነት የአንዳንዱን አዲስ ካሜራ አፍ ሊሰብር ስለሚችል ሳይጠይቁ አይግጠሙት። ሲገዙም በባትሪ እያበሩ ሻጋታ እንዳልያዘው፣ የብርሃን ቀዳዳው ምላሶችም ዘይት ሳይዛቸው ቶሎ እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ ይመልከቱ።

ይህም ለማይቻለው በእጁ ባለው ሌንስና በካሜራው መካከል የሚገባ ባዶ ማራዘሚያ ቀለበት አለለት፤ 25 ሚሊ ሜትር ቀለበት የ50 ሚሊ ሜትርን ሌንስ 1 ለ 2 ያደርሰዋል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መገናኛ የሌለውን ቀለበት ገዝቶ፣ የብርሃን ቀዳዳው ከካሜራው በሚታዘዝ ሌንስ ላይ ከገጠመ በኋላ «ቀዳዳው አልጠብ አለኝ» ብሎ ሻጩን የሚረግም ሰው ሞልቷል፤ ጥፋቱ ሳይጠይቅ የገዛው ሰው ነው።

በአጠቃቀም በኩል ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጥበብ የመስተዋቱ ጥበብ ነው። ካሜራው ከገጹ ጋር ቀጥ ብሎ ካልተያየ የተስተካከለው ሌንስ ጥቅም ሁሉ ይባክናል፤ ይህንንም በዓይን ግምት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ መጽሐፉ ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ በሚያርፍበት ቦታ ላይ አንድ ጠፍጣፋ መስተዋት ይተኛል፤ በካሜራው ውስጥ ሲመለከቱ የሌንሱ የራሱ ምስል ይታያል፤ ያም ምስል በትክክል መካከል ላይ እስኪውል ድረስ ካሜራውን ማዘንበልና ማቅናት ነው። ገበታው ቢያዘነብል እንኳ መስተዋቱ አይዋሽም። መስተዋቱ ተነሥቶ መጽሐፉ ሲተካ፣ በሺህ ብር የሚሸጥ መለኪያ የማይሰጠው ቅንነት በነጻ ይገኛል።

ብራናው ሲጐብጥ ደግሞ በመስታወት መጫን ሳይሆን የብርሃኑን ቀዳዳ f/8 ላይ ማድረግ ይሻላል። «ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ጥራት ይጨምራል» የሚሉ ሰዎች በf/22 ሲያነሡ አያለሁ፤ በ1 ለ 1 ግን ሌንሱ ስለሚራዘም 22 እንደ 44 ሆኖ ይሠራል፤ ብርሃኑም በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ቅጥሉ ሁሉ ይደበዝዛል።

ፍላሽ ለብራናና ለቀለም አይደረግም፤ የደጅ ብርሃን ይበቃል። በአንኮበር አካባቢ አንድ የቅኔ መምህር መጽሐፋቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ «ልጄ፣ ብርሃን ከላይ ሲወርድበት የጸሐፊውን እጅ ታያለህ፤ ከጎን ሲመጣበት ግን የፋቂውንም እጅ ታያለህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከጎን የመጣ ብርሃን በወስፌ የተወጋውን የመስመር ምልክትና የቆዳውን የጠጉር ወገን ያወጣዋል፤ እነዚህንም ለማንሣት የ1 ለ 2 ጉልበት ያን ጊዜ ያስፈልጋል።

ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ያለውን በአጭሩ ልበል። የመንዝ ባና ድርና ማግ፣ በኅዳር ማለዳ በደብረ ብርሃን ገብስ ላይ የሚያድረው ውርጭ፣ በብርዱ ደንዝዞ የማይሸሸው የአንኮበር ነፍሳት ሁሉ ለዚህ ሌንስ የተዘጋጁ ናቸው። የማትሸሸውን ለማንሣት 55 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ለምትሸሸው 90 ወይም 100 ይሻላል። ከውርጭ የመጣ ካሜራም እሳት ወዳለበት ቤት ሲገባ ላብ ስለሚያወጣ፣ ሙቀቱን እስኪለምድ ከቦርሳው አይውጣ።

ገንዘብ ያለው ወጣት እንግዲህ መጀመሪያ የማይነቃነቅ ማቆሚያ፣ ቀጥሎ አሮጌ ማክሮ ሌንስ ይግዛ፤ አዲስ ካሜራ የመጨረሻው ይሁን። ከዚያም የአጥቢያውን ገበዝ አስፈቅዶ፣ በእያንዳንዱ ገጽ አጠገብ ማስመሪያ አኑሮ፣ የደብሩን ስምና የገጹን ቁጥር መዝግቦ ያንሣ፤ ቅጂውንም ለደብሩ ያስረክብ። ለባለመጽሐፉ ሳያስረክብ ምስሉን ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ሌንሱ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ እሱ ራሱ ታማኝ አልሆነም።