ምርኩዝና የእንጨት ትዕግሥት

ወላጅ ልጁን ሲመርቅ «የሽምግልናዬ ምርኩዝ ሁን» ማለቱ የታወቀ ነው። ከቤት ዕቃ ሁሉ ምርኩዝ ለዚህ ምሳሌ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው ዕቃ ቢሰበር ይጠገናል ወይም ይለወጣል፤ ምርኩዝ ግን የሚሰበረው ሰው ክብደቱን በጣለበት ሰዓት ስለ ሆነ፣ ጉዳቱ ከእንጨቱ አልፎ ከአጥንት ይደርሳል። እረኛው በበትሩ፣ ደብተራው በመቋሚያው፣ ሽማግሌው በከዘራው የሚደገፈው እንጨቱን አምኖ ነው። ሥራው ቀላል መስሎ ቢታይም፣ የሠሪውንና የሻጩን ታማኝነት የሚጠይቅ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው።

በደጋ አገር ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመረጠው ወይራ ነው። እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ጠቆር ያለ ሲሆን በተወለወለ ጊዜ መልኩ ያምራል። ምርኩዝ ከተሰነጠቀ ሳንቃ ከሚጠረብ ይልቅ በተፈጥሮው ክብ ሆኖ ካደገ ቀንበጥ ቢሠራ ይበልጣል። በቀንበጡ ውስጥ ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ሲሄድ፣ በሳንቃው ግን መጋዝ ጭረቱን አግድም ሊቆርጠው ስለሚችል በዚያው ቦታ ይሰበራል። ውፍረቱ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ትልልቅ ጉጥና የነቀዝ ቀዳዳ ያለበትን ግን መተው ይገባል።

ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ስለዚህ ችግኙን ከሥሩ መቁረጥ ለአንድ ምርኩዝ ሲሉ አንድ ዛፍ ማጥፋት ይሆናል። ብልህ ሠሪ ከቆየ ጉቶ ዙሪያ ካቆጠቆጡት ቀንበጦች መካከል አንዱን መርጦ በበጋ ይቆርጣል፤ ሌሎቹን እንዲያድጉ ይተዋል። ደንን የሚጠብቅ ሹም የቆራጩን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን እንጨቱ ከምን እንደ ተቆረጠ መመልከት ያለበት ለዚህ ነው። ጉቶው በሕይወት ከቆየ ለመጪው ዓመትም ይሰጣልና።

ከቁረጣው በኋላ ያለው ዋና ሥራ መጠበቅ ነው። እርጥብ እንጨት በጫፉ በኩል ፈጥኖ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን ለመከላከል ከሚፈለገው ርዝመት በሁለቱም ወገን አንድ አንድ ጋት አትርፎ መቁረጥ፣ ጫፎቹንም በቀለጠ ሰም መድፈን ያስፈልጋል። ከዚያም በትሮቹ እንዳይጣመሙ በአንድነት ታስረው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ይቀመጣሉ። በአናጢዎች ዘንድ በታወቀው ግምት፣ ይህን ያህል ውፍረት ያለው እንጨት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ነጋዴ ሚዛን ስላለው መገመት የለበትም፤ በየሳምንቱ መዝኖ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም እንጨቱ መድረቁን ያውቃል።

የደረቀው በትር ጥቂት የተጣመመ እንደ ሆነ፣ በረመጥ ላይ እያገላበጡ ሳይቃጠል ያሞቁታል። ከዚያም በባላ መካከል አግብተው በማቃናት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይይዙታል፤ ሳይቀዘቅዝ ከለቀቁት ይመለሳል። ቅርፊቱ በቢላዋ፣ ጉጡ በሞረድ፣ ገጹም በብርጭቆ ስባሪና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ርዝመቱ የሚለካው ባለቤቱ ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ሲቆምና ክንዱን ወደ ታች ሲለቅ፣ ከመሬት እስከ እጁ አንጓ ድረስ ነው። ከዚህ የረዘመ ትከሻን ያነሣል፤ ያጠረም ወገብን ያጎብጣል። ለድንጋያማ መንገድ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት ይጠቅማል፤ በለሰለሰ ወለል ላይ ግን ብረት ስለሚያንሸራትት ጎማ ይሻላል።

ከአስመራ ወደ ምጽዋ ዕቃ የሚያወርድ ነጋዴ ደግሞ ሌላ ነገር ማስተዋል አለበት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 115 ኪሎሜትር ያህል ቢሆንም፣ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ይለያያል፤ የአየሩም እርጥበት እንደዚሁ። በደጋ የደረቀ እንጨት በባሕሩ ዳር እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ ሲመለስም ይሸበሸባል። በምጽዋ ተጠብቆ የገባ የብረት ቀለበት በአስመራ የሚላላው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ በየጊዜው በስሱ የተልባ ዘይት መቀባት ነው። ቅቤ እንጨቱን ያለሰልሳል እንጂ አይደርቅም፤ የተልባ ዘይት ግን በአየር ይጠነክራል። ነገር ግን ይህን ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ በመጋዘን ውስጥ ሳይተዉት ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ግዴታ ነው።

በገበያ ላይ ዓመት የጠበቀው ምርኩዝና በወሩ የተሠራው ቀለም ከተቀቡ በኋላ አንድ ይመስላሉ። ገዢው ግን ሊለያቸው ይችላል፦ ጫፉን ተመልክቶ ስንጥቅ ይፈልግ፤ በድንጋይ ቀስ ብሎ መትቶ ያዳምጥ፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ እርጥቡ ይደነቁራልና። በወፍራም ቀለም የተሸፈነውንም ይጠርጥር። የዓመት ጥበቃ ዋጋ ያለው መሆኑን ያልተቀበለ ገዢ፣ ሠሪው በወሩ ቆርጦ እንዲሸጥ ያስገድደዋል። ርካሹንም የሚከፍለው፣ ደረጃ ሲወርድ የሚደገፍበት ያጣው ሽማግሌ ይሆናል።